ለአገለገለው የሚገባው፣ ለተተኪው የሚገባው



ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው፣ ዕድሜውን ለመንግሥት ሥራ የሰጠ ሰው በጡረታ ሲሰናበት የሚከፈለው አበል ያኖረዋል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜው የደረሰ ሠራተኛ አገልግሎቱ ሲራዘምለት ወይም በጡረታ ከወጣ በኋላ በኮንትራት ሲመለስ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል የሚለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ሲነሱ እንሰማለን። እኔ ግን አንድ ላይ ካልታዩ አንዳቸውም እንደማይፈቱ አምናለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው፦ ጡረተኛ ወደ ሥራ ሊመለስ የሚገባው እውቀቱ ስለተፈለገ ብቻ ነው፤ አበሉ ስላልበቃው መሆን የለበትም። ኑሮ አስገድዶት ከተመለሰ እሱም ተበድሏል፣ ቦታውን የሚጠብቀው ወጣትም ተበድሏል።

ሰፈራችን መካኒሳ ይህን ለመነጋገር የሚገባ ቦታ ነው። እዚሁ ካለው የአልኮል ፋብሪካ ጀምሮ እስከ መሃል ከተማው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ድረስ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ የኖረ ሠራተኛ ልጆቹን ያሳደገበትና ያረጀበት ሰፈር ነው። ይህ ሰው ዛሬ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ የእድር መዝገብ ይመልከት። ገቢና ወጪው በየአምዱ ተለይቶ ተጽፏል፤ ወሩ ሲዘጋ በማስመሪያ ተሰምሮ ተደምሯል፤ ደረሰኙ በተራ ቁጥር ተይዟል፤ የተሳሳተ ቁጥር ካለ ሳይፋቅ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከላዩ ተጽፎ አጠገቡ ተፈርሞበታል። እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ የሒሳብና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሥልሳ ዓመት ሞላህ ተብሎ የተሰናበተው ሰው ችሎታው አብሮት አልተሰናበተም። አገሪቱ ይህን ችሎታ እንዴት ትጠቀምበት የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ጡረታው።

አንዳንድ ሰው ጡረታ የመንግሥት ችሮታ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በቀድሞው የንጉሥ ሥርዓት መንግሥትን ያገለገለ ሰው ዋጋው የሚታሰበው በመሬት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች ጋሻ መሬት ይሰጥ ነበር። በእርጅናው ዘመን የሚጦረው ያ መሬት፣ በመሬቱም ላይ ላቡን የሚያፈሰው ገበሬ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ ሲቋቋም፣ በ1955ም በአዋጅ ቁጥር 209 ሲጸና፣ የአገልግሎት ዋጋ ከመሬት ወደ ገንዘብ መሸጋገር ጀመረ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደግሞ በርስቴ እጦራለሁ ማለት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት ሠራተኛ የእርጅና መደገፊያው አበሉ፣ ልጆቹና ዕድለኛ ከሆነ የሠራት ቤቱ ብቻ ናቸው።

አበሉም በነጻ የሚገኝ አይደለም። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ይህን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ ሠራተኛውን 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱን 11 በመቶ አደረሰው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የራሳቸው የጡረታ ሥርዓት አገኙ። ሁለቱም ሕጎች በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ዛሬ በ11,500 ብር የሚቀጠር ባለዲግሪ ገና የመጀመሪያ ደመወዙ እጁ ሳይገባ 805 ብር ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 1,265 ብር ይጨምርለታል፤ በየወሩ 2,070 ብር በስሙ ገቢ ይሆናል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚጨምረውም ቢሆን የዚያው የሥራው ዋጋ አካል ነው፤ ዛሬ ሳይከፈለው ለኋላ የቆየለት።

እናንተ የእድር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ አባል ሃያ ዓመት ወርሃዊ መዋጮውን ሲከፍል ኖሮ፣ ሐዘን በገጠመው ቀን ድንኳኑ ሲተከልለትና ገንዘቡ ሲሰጠው ለመነ የሚለው የለም። የሚገባውን አገኘ ነው የምንለው። የጡረታ አበልም መታየት ያለበት እንዲሁ ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። በ2003ቱ አዋጅ በተቀመጠው ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ የሲቪል ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ወደዚህ ጣሪያ ለመድረስ ስንት ዓመት ያስፈልጋል ብላችሁ ብታሰሉ 42 ዓመት ይመጣል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ብቻ ነው ሙሉውን የሚያገኘው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ23 ዓመቱ ሥራ የጀመረ መምህር ወይም መሐንዲስ አይደርስበትም። ልጅ ለማሳደግ ሥራ ያቋረጠች እናትም አትደርስበትም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። 30 ዓመት አገልግሎ የወጣ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ ሰው አለ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 20 ዓመታት 25 በመቶ፣ በድምሩ 55 በመቶ ይታሰብለታል። አበሉ በወር 4,400 ብር ይሆናል። ይህ ሰው ቢሞት ባለቤቱ የምታገኘው የዚህን ግማሽ፣ 2,200 ብር ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ስኬል ደግሞ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ለዚያ ጡረተኛ ማስተካከያ ካልተደረገለት፣ ሠላሳ ዓመት የሠራው ሰው ትናንት በዝቅተኛው መደብ ከተቀጠረው ያነሰ ይዞ ይኖራል።

ይህ የሚሆነው ስሌቱ ወደ ኋላ ስለሚያይ ነው። አበሉ የሚሰላው ሰውየው በወጣበት ዘመን ደመወዝ ነው፤ ዳቦ የሚገዛው ግን በዛሬ ዋጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሁላችንም በኪሳችን እናስታውሰዋለን። በአንድ ዓመት ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር 4,400 ብር የሚገዛው ከ3,400 ብር ያነሰ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ በተለይ መድኃኒት፣ ዋጋው ከፍ አለ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው አብዛኛው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መንግሥት በየጊዜው የአበል ማስተካከያ እንደሚያደርግ አልክድም፤ ይህንንም በጎ እላለሁ። ግን ማስተካከያው መቼ እንደሚመጣና በምን መለኪያ እንደሚሰላ ጡረተኛው አስቀድሞ አያውቅም። በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ደመወዙ ሲስተካከል ጡረተኛው ሬዲዮ ከፍቶ የእኔስ እያለ ይጠብቃል።

የፈንዱም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ከሠራተኛው የተሰበሰበው የጡረታ ገንዘብ በአብዛኛው የሚውለው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። እስከ 2012 ድረስ የዚህ ሰነድ ወለድ ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ይህም ሠራተኛው ያስቀመጠው ገንዘብ እያለ ዋጋው ይመናመን ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰነዱ መሸጫ ጨረታ ወደ ገበያ ዋጋ መጠጋቱ መልካም ነው። ቢሆንም ገንዘቡ የት እንደዋለና ምን እንዳተረፈ ባለቤቱ በየዓመቱ ሊነገረው ይገባል። የእድር ጸሐፊ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሳያሰማ ቢቀር ምን እንደምንል እናውቃለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ዕድሜው የደረሰ ሠራተኛ አገልግሎት በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው ከ10 ዓመት ሳይበልጥ ሊራዘም ይችላል ብሎ ነበር። ግን ዝም ብሎ አልፈቀደም። የሠራተኛው ሙያና ልዩ ችሎታ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልግ መሆን አለበት፤ በዕድገት፣ በዝውውር ወይም በቅጥር ሌላ ሰው ማግኘት የማይቻል መሆን አለበት፤ ጤንነቱ በሐኪም መረጋገጥ አለበት፤ ራሱም መስማማት አለበት። ያ አዋጅ በ2010፣ ቀጥሎም በ2017 በሌላ ተተክቷል። የተቀመጡት መስፈርቶች ግን ዛሬም ለማንኛውም ፍትሐዊ ሰው አሳማኝ ናቸው። ክርክሩ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ነው።

ጡረተኛ ይመለስ የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ምክንያት አላቸው። በመጋቢት 2012 የኮቪድ ወረርሽኝ በአገራችን ሲጀምር መንግሥት በጡረታ ላይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ለጥሪ እንዲዘጋጁ ጠይቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ዕድሜ የተከራከረ አልነበረም፤ ልምድ ያለው እጅ ነበር የሚፈለገው። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም የዶክትሬት ተማሪ የሚያማክር ፕሮፌሰር በአንድ ጀምበር አይፈጠርም። ግድብና መንገድ ዲዛይን ሲያደርግ የኖረ መሐንዲስ፣ ወንጀል ሲመረምር የኖረ ባለሙያ፣ የመሬት ይዞታ ፋይል ከእነታሪኩ የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲወጡ፣ አብሯቸው የሚወጣው ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ ተጽፎ አይገኝም። መንግሥት አልፈልጋችሁም ሲላቸው ደግሞ የግል ኮሌጁ፣ የግል ሆስፒታሉና አማካሪ ድርጅቱ በደስታ ይቀበሏቸዋል። በሕዝብ ገንዘብ የተገነባ ልምድ ሌላ ቤት ይጠቅማል ማለት ነው።

ተቃዋሚዎቹም ከባድ ነገር ይዘዋል። በግል ንግድ አንድ ሰው ተጨምሮ ሊቀጠር ይችላል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሥራ መደቡ በበጀት የተቆጠረ ነው። አንድ የቡድን መሪ በጡረታ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ከፍተኛ ባለሙያ ያድጋል፤ የእሱን ቦታ ባለሙያው ይይዛል፤ ከታች አንድ መደብ ክፍት ይሆንና አዲስ ተመራቂ ይገባል። አንድ ሰው ሲወጣ ሦስት ሰው ይንቀሳቀሳል። ያ የቡድን መሪ አምስት ዓመት ሲራዘምለት ደግሞ ሦስት ሰው ባለበት ይቀመጣል። ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በሚያስመርቁባት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ አድርጋችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብቡ ስንት ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠይቃል የሚል እንደገጠማችሁ አውቃለሁ። ልምዱ የሚገኝበት ቦታ ተይዞ ልምድ አምጡ መባል ያማል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህንን ጠበቅ አድርጌ ልናገረው እፈልጋለሁ። አገልግሎቱ በየዓመቱ የሚራዘምለት ሰው ኑሮው በአለቃው ፊርማ ላይ ይንጠለጠላል። ቋሚ ሠራተኛ ሳለ ይህ ክፍያ ሕጋዊ አይደለም፣ አልፈርምም ሊል ይችል የነበረ የሒሳብ ባለሙያ፣ ኮንትራቱ በሰኔ የሚያልቅ ከሆነ በግንቦት እንደዚያ ለማለት ድፍረት ያጥረዋል። ሰውየው ሐቀኛ ስላልሆነ አይደለም፤ አበሉ የቤት ኪራዩን ስለማይሸፍን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። አበሉ በቂ ቢሆን ኖሮ ይህ ባለሙያ የሚመለሰው ተለምኖ፣ በራሱ ፈቃድ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። የማይበቃ አበል ልምድ ያለውን ሰው ተለማማጭ ያደርገዋል፤ ይህም እሱን ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን ገንዘብ ይጎዳል።

ሌሎች አገሮችም ይህ ጥያቄ አለባቸው። ጎረቤታችን ኬንያ የመንግሥት ሠራተኞቿን ጡረታ ለረጅም ዘመን ከበጀት ትከፍል ቆይታ፣ ሸክሙ ሲከብዳት እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ሠራተኛው ደረጃ በደረጃ እስከ 7.5 በመቶ፣ መንግሥት 15 በመቶ የሚያዋጡበት ሥርዓት ጀመረች። በዚህ ረገድ እኛ ቀድመናታል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ በመንግሥት ጡረታ የወጣ ሠራተኛ አበሉን እየተቀበለ ተመልሶ መሥራት ይችላል፤ ሆኖም በበጀት ዓመቱ ከ960 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተገድቧል፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀርም ከወጣ በኋላ 180 ቀን መቆየት አለበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እውቀቱን እንፈልገዋለን፣ መደቡን ግን ለተተኪው እንለቃለን። ጃፓን በበኩሏ ሕዝቧ ስላረጀ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እስከ 65 ዓመት እንዲያሠሩ ታስገድዳለች፣ እስከ 70 እንዲጥሩም ትጠይቃለች። የእኛ አገር ሕዝብ ግን አብዛኛው ወጣት ነው። ስለዚህ የጃፓንን መፍትሔ እንዳለ ማምጣት አያዋጣንም፤ ከካሊፎርኒያው ግን የምንማረው አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የጡረታ አበል ማስተካከያ ከደመወዝ ስኬል ማስተካከያ ጋር ይያያዝ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በተሻሻለ ቀን የጡረተኛውም አበል በሕግ በታወቀ መለኪያ ይሻሻል። ከባድ ወጪ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ማስተካከያው ሲዘገይ ወጪው አይጠፋም፤ በጡረተኛው መድኃኒትና በልጆቹ ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሁለተኛ፣ ርክክቡ ሰውየው 60 ሲሞላው ሳይሆን 57 ሲሞላው ይጀመር። መሥሪያ ቤቱ ማን መቼ እንደሚወጣ ከቅጥሩ ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ተተኪው በስም ይታወቅ፣ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሥራው በጽሑፍ ይስፈር። ተተኪ አላገኘንም እያለ ማራዘሚያ የሚጠይቅ ኃላፊ ባለፉት ሦስት ዓመታት ተተኪ ለማፍራት ምን እንደሠራ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ማራዘሚያና የጡረተኛ ኮንትራት በአደባባይ ይሁን። መደቡ መጀመሪያ ለውስጥ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ለውጭ አመልካች ማስታወቂያ ይውጣበት፤ ሰው ከጠፋ ብቻ ማራዘሚያው ከነምክንያቱ በሰሌዳ ይለጠፍ። የተመለሰው ባለሙያ በተቆጠረ ሰዓትና ለተወሰነ ጊዜ ያማክር፣ ያስተምር፣ ይመርምር፤ የመቅጠርና ክፍያ የማጽደቅ ሥልጣን ግን አይያዝ።

አራተኛ፣ የፈንዱ ሒሳብ ለባለቤቶቹ ይገለጽ፤ ጡረተኞችም ገንዘባቸው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ይኑራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። በዚህች አገር ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት ጡረታ የላቸውም፤ ለምን ስለ መንግሥት ሠራተኛ ብቻ ትጮኻለህ የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። መሥሪያ ቤቱ የሚጨምረው 11 በመቶ የእነሱም ግብር አለበት። ለዚህ የምሰጠው መልስ ያለው ይቀነስ የሚል አይደለም። መንግሥት በወር በወር ደመወዝ ቆርጦ ለገባው ቃል ካልታመነ፣ ነገ ለጉሊት ነጋዴዋ ተመሳሳይ ሥርዓት ልዘርጋ ሲል ማን ያምነዋል? የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ የሚታመን ሲሆን ለሌላው ሰፊ ሕዝብ መንገዱ ይከፈታል። የግል ድርጅት ሠራተኛው በ2003 ወደ ጡረታ የገባው ያ የቆየ ሥርዓት ስለነበረ ነው፤ ሌላውም ሊገባ ይችላል።

ወጣቶች ሆይ፣ ጡረተኛውን እንደ ተፎካካሪ አትዩት። ዛሬ የእሱ አበል እንዲሻሻል ብትጠይቁ ቦታውን በክብር እንዲለቅላችሁ እየጠየቃችሁ ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያው ሕግ የሚጠብቀው እናንተን ነው። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ እናንተም የምታውቁትን ለወጣት ሳታስተላልፉ ቦታ ላይ መቆየትን እንደ መብት አትቁጠሩት። ሥራችሁን የሚረከብ ሰው ማፍራት የአገልግሎታችሁ የመጨረሻ ክፍል ነው።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንድ ነገር እንስማማ። በሚቀጥለው ጊዜ የወረዳችን ተወካዮች በፊታችን ሲቆሙ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው እንደምንጠይቃቸው ሁሉ፣ የጡረታ አበል በምን መለኪያና መቼ እንደሚስተካከል፣ በየመሥሪያ ቤቱም ስንት ሰው በማራዘሚያ እንደሚሠራና ለምን እንደሆነ እንጠይቃቸው። ጥያቄውን ጡረተኛውና ሥራ ፈላጊው ተያይዘው ካቀረቡት መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።